ከማስታወሻ ደብተሬ ያልወጡ አራት መስመሮች

ውድ ወጣቶች፣

በሰሜን ኖርዌይ በምትገኘው በትሮምሶ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ባለፈው የበልግ ወራት ለቡና በተሰባሰብንበት አንድ ቅዳሜ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ስለ አርክቲክ የወደፊት ዕጣ በሚመክር የወጣቶች ስብሰባ ላይ እንድትናገር ተጋብዛ ኖሮ «ጋሼ፣ ምን ብናገር ነው የሚሰሙኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ አጠር አድርገሽ የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ ብዬ መከርኳት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ፤ ጥያቄዋ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ በሆነው በፊንማርክ ትቼው የመጣሁትን ጉዳይ ቀስቅሶብኛልና። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርሷና በየአገሩ ለምትገኙ እኩዮቿ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ አማካሪ ድርጅት የተቀጠርኩ መሐንዲስ ነበርኩ። የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር በፊንማርክ ደጋማ ሜዳ ላይ ሊዘረጋ ታስቦ፣ እኔ መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት እንድለካ፣ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እንድይዝና የተፅዕኖ ጥናቱን ሪፖርት እንድጽፍ ተመደብኩ። ስብሰባው የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢሆንም ወቅቱ ፀሐይ የማትወጣበት ስለነበር መስኮቶቹ ጨልመዋል፤ ቤቱ የረጠበ ቦት ጫማና የቡና ሽታ ይሸታል። ሬንዲር የሚባለውን የሰሜን አጋዘን የሚያረቡ፣ ሳሚ የተባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠው ብዙም ሳይናገሩ ያዳምጡ ነበር። ከኋላ በኩል ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ የሚሆን አንዲት ልጅ ጓንቷን በእጇ እንደያዘች ተነሣች።

የተናገረችው ግልጽ ነበር። ሬንዲር በክረምት በረዶውን በሰኮናው ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ሊቸን የተባለ ግራጫማ የመሬት ሽበት ይበላል። በተለመደው ዓመት በረዶው ደረቅና ልል ስለሆነ ሰኮናው በቀላሉ ይገባል። በክረምቱ መካከል ዝናብ ዘንቦ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ግን ምግቡ በብርጭቆ እንደተከደነ ይቆለፋል፤ እንስሳው ሽታው እየሸተተው ይራባል። በእንዲህ ዓይነቱ ዓመት ቤተሰቦቿ መንጋውን የሚወስዱት በረዶው ደረቅ ሆኖ ወደሚቆይበት አንድ ሸለቆ ነው፤ እኛም መስመሩን ያሰመርነው በዚያው ሸለቆ አፍ ላይ ነበር። መንጋው በሽቦው ሥር ማለፍ ስለሚፈራ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው አለች። የሥራ ኃላፊዬ «ይህ በስንት ዓመት አንዴ ይሆናል? የተመዘገበ ቁጥር አለ?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም «አያቴ ሁለት ጊዜ አይታለች፤ እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ» ብላ መለሰችና ተቀመጠች።

በሪፖርቱ ውስጥ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከተሳታፊዎች መካከል አንዲት ወጣት ስለ ግጦሽ ስጋቷን ገልጻለች።» የሸለቆው ስም የለም፤ ዝናቡ የለም፤ አያቷም የሉም። ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ቁጥር የሌለው ነገር በሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም ብዬ አምኜ ነበር፤ ብዕሩም የነበረው በእኔ እጅ ነው።

ይህን ያደረግሁት የመንዝ ገበሬ የልጅ ልጅ የሆንኩት ሰው መሆኔ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አያቴ የበልግ ዝናብ በጣለ ማግስት ማሳው መሀል ተንበርክከው አፈሩን ይጨብጡና እጃቸውን ይከፍታሉ፤ የጨበጡት አፈር በጣታቸው ሲነኩት ካልፈረሰ ገና ነው ይላሉ፣ ከፈረሰ ገብሱን ይዘራሉ። አንድ ዓመት ከግብርና የመጣ ባለሙያ የዘር ቀን ቆርጦ ሲነግራቸው «መሬቱ እሺ አላለም፣ ልጄ» አሉት። ባለሙያው በያዘው ወረቀት ላይ ምንም ሳይጽፍ ሄደ። ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም ብዕሩ ሳይንቀሳቀስ መቅረቱን ልብ ብያለሁ፤ አድጌ ደግሞ ያንኑ ሰው ሆንኩ።

መስመሩ ተሠራ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ምሰሶዎቹን ለመመርመር በጥር ወር ወደዚያው ስንመለስ፣ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ሳምንት ዘንቦ ነበር። በዕድሜ የገፉ አንድ አርቢ ከጆንያ መኖ እያፈሰሱ አገኘናቸው። ምንም ሳልጠይቃቸው ቢላዋቸውን ከወገባቸው መዘው በረዶውን እንደ ዳቦ ቆረጡና ቁራጩን በእጄ አስያዙኝ፤ ከላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ነጭ በረዶ፣ ከሥሩ ጣቴን የሚያክል ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ግግር፣ ከግግሩ ሥር ደግሞ ሊቸኑ ሳይነካ ይታያል። በዙሪያችን ሰኮና የጫረው ብዙ ምልክት ነበር፤ አንዱም አልዘለቀም። የቀረው መንጋ ከመስመሩ ወዲህ ቆሟል፤ ሸለቆው ከመስመሩ ወዲያ ነው። ሽማግሌው ያሉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጎኣቪ»። ሳሚዎች ግጦሽ የሚቆለፍበትን የመከራ ክረምት የሚጠሩበት ስም ነው። ስለ ልጅቷ ስጠይቃቸው እርባታውን ትታ ወደ ደቡብ ሄዳለች አሉኝ። የሄደችው በእኛ መስመር ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ሰው ከአርቢነት የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን የተናገረችውን ሙሉውን ጽፌው ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ውሳኔ ሰጪዎቹ ሳያውቁ ወሰኑ ሊባል አይችልም ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ከዚያን ጊዜም የከፋ ነው። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል፤ በክረምት የሚዘንብ ዝናብም አያት ለልጅ ልጅ የምታወራው ብርቅ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። በእኔ ሙያ «መሬቱ እንደቀዘቀዘ ይቆያል» ብለን የነደፍነው ሁሉ እየፈተነን ነው። በ2008 በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ የተከፈተው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የመኖ ዘሮቹን ጭምር ያስቀመጠበት ስፍራ ነው፤ በ2016 ከወትሮው በተለየ ሙቀትና ዝናብ የተነሣ ውኃ ወደ መግቢያው ዋሻ ገባ። ዘሮቹ አልተነኩም፤ መግቢያው ግን እንደገና መሠራት ነበረበት። የኢትዮጵያ ወጣት ሆኖ አርክቲክ ምን አገባኝ ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ መልስ አላውቅም።

ትምህርታችሁን ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ቋንቋ ልመዱ የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ብዕሩ ነው። የዛሬ ወጣቶች መድረክ አትፈሩም፤ እኛ በዕድሜያችሁ ሳለን ያልነበረን ድፍረት አላችሁ። የሚያሳስበኝ ግን ንግግራችሁ ብዙ ጊዜ ስለ ዓለም ሙቀት በጠቅላላው እንጂ ስለ አንድ ሸለቆ አለመሆኑ ነው፤ ንግግሩ አልቆ ጭብጨባው ከቆመ በኋላም ረቂቁ በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ አላያችሁም። የአርክቲክ ካውንስል ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚሁ በትሮምሶ ነው። ካውንስሉ በ1996 ሲመሠረት ስምንት አገሮች አባል ሆኑበት፤ ሳሚዎችንና ኢኑዊቶችን ጨምሮ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶችም በቋሚ ተሳታፊነት በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ዛሬ ስድስት ናቸው። ውሳኔው የአገሮቹ ቢሆንም ሳያማክሯቸው አይወስኑም። ያ መቀመጫ የተገኘው ዓመታት ሙሉ ረቂቅ ሲያነቡና ቃል ሲያስለውጡ በኖሩ ሰዎች ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን ራሴን የሚቃወም ነገር ትዝ ይለኛል። በ1979 በፊንማርክ ያለው የአልታ ወንዝ እንዳይገደብ የሳሚ ወጣቶች በኦስሎ ፓርላማው ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው ከምግብ ታቀቡ፤ በጥር 1981 ወደ 600 የሚጠጉ ፖሊሶች ተቃዋሚዎችን ከሥፍራው አነሡ። ግድቡ ተሠራ፤ ነገር ግን ከዚያ ትግል የተነሣ የሳሚ ሕግ በ1987 ወጣ፣ የሳሚ ፓርላማም በ1989 በካራሾክ ተከፈተ። ከአርክቲክ ክብ መስመር ደቡብ በሚገኘው በፎሰን ደግሞ 151 የንፋስ ተርባይኖች በሬንዲር ግጦሽ ላይ ቆመው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2021 ፈቃዳቸው የሳሚዎችን መብት ጥሷል ብሎ ፈረደ፤ ፍርዱ ግን ተጽፎ ተቀመጠ። በ500ኛው ቀን፣ በየካቲት 2023፣ ወጣቶች በኢነርጂ ሚኒስቴሩ ውስጥ ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹ ጋክቲ የተባለውን ባህላዊ ልብሳቸውን ለተቃውሞ ገልብጠው ለብሰዋል። በሳምንቱ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ። ተርባይኖቹ አልተነሡም፤ ጉዳዩ በኋላ በስምምነት ነው ያለቀው። ሆኖም የተጻፈውን ፍርድ ከመሳቢያ ያወጡት ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ልጆች ናቸውና፣ ረቂቁ ብቻውን በቂ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም።

አንድ ቀን ግን በማስታወሻችሁ ያዙልኝ። በማዕከላዊው አርክቲክ ውቅያኖስ የንግድ ዓሣ ማጥመድን የሚከለክለው ስምምነት በ2021 በሥራ ላይ ውሏል፤ የመጀመሪያው ዘመኑ 16 ዓመት ስለሆነ በ2037 ያበቃል። ከአሥሩ ፈራሚዎች አንዱ በይፋ ከተቃወመ አይራዘምም። በዚያ ዓመት ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት የሆናችሁ ሠላሳ ዓመት ታልፋላችሁ፤ ረቂቁን የሚጽፉትም፣ የሚያነቡትም እናንተ ትሆናላችሁ። በበረዶው ላይ የሚያድኑትና የሚያጠምዱት ሰዎች የሚናገሩትን፣ ቁጥር ባይኖረውም፣ ከነቦታው ስምና ከነተናጋሪው ማንነት ጻፉት።

ያች ተማሪ ከጠየቀችኝ በሳምንቱ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼን ከምድር ቤት አወጣሁ። በመስክ ላይ ማስታወሻ የምይዘው በአማርኛ ስለነበር፣ ወደ ሪፖርቱ ያልገቡት የሳሚዋ ልጅ ቃላት በእርሳስ ተጽፈው አራት መስመር ሆነው አገኘኋቸው፤ የሸለቆው ስምም አለ። ደብተሩን ለተማሪዋ ሰጠኋት። አማርኛ ማንበብ ስለሚከብዳት በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል አነበበችው። «ጎቱን» ብዬ የጻፍኩት ቃል ላይ ስትደርስ ቆም አለች። በበረዶ ሥር ያለ ሊደረስበት የሚችል ግጦሽ ማለት እንደሆነ በዩኒቨርሲቲ የሳሚ ቋንቋ ትምህርት ተምራው ነበር። «ጋሼ፣ ‹ጉዎህቱን› ነው እኮ፤ ‹ህ› ጎድሎሃል» አለችኝና እርሳስ ጠየቀችኝ።