ናይሮቢ ልሂድ ወይስ ድሬ ልቆይ?

«ሰላም ጋሼ። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ እናገራለሁ። በቴሌግራም ያገኘኝ ሰው ናይሮቢ ውስጥ በኮንተንት ሞደሬተርነት፣ ማለትም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፈውን እያየሁ ይቆይ ወይም ይውረድ በምልበት ሥራ፣ ላስቀጥርሽ ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹ማኅበራዊ ሚዲያው ሁሉ ያልተማከለ እየሆነ ነው፤ ነገ ተቆጣጣሪ የሚባል አይኖርም፤ የሞተ ሙያ ነው› ይላል። ምን ይሻለኛል?» ከሳቢያን ሰፈር

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። አቦ፣ ተሳስቷል!

ያልተማከለ ማለት ጠባቂ የሌለው ማለት አይደለም። ቀፊራ ገበያን አስቢው። ገበያው አንድ ባለቤት የለውም፤ ግን እያንዳንዷ ነጋዴ ደጇ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ትወስናለች። ማስቶዶን የሚባለው ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያም እንደዚያ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም የራሱን ሰርቨር (የመድረኩን አንድ ክፍል የሚያስኬድ ኮምፒዩተር) አቁሞ ከሌሎቹ ጋር ይገናኛል። በ2019 ጋብ የተባለው የቀኝ አክራሪዎች መድረክ ወደዚሁ ሶፍትዌር ሲገባ ብዙዎቹ ሰርቨሮች በራቸውን ዘጉበት። የወሰነ ኩባንያ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የወሰነው።

ችግሩ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ የሚሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥራው አይሞትም፤ ደመወዙ ግን ሊሞት ይችላል። እኔም ቀምሼዋለሁ። ለሥራ ፈላጊዎች የከፈትኩት የቴሌግራም ግሩፕ ነበረኝ። አንዱ «ለመመዝገቢያ 500 ብር ላኩ» ብሎ ለጠፈ፤ አጠፋሁት። በውስጥ መስመር መጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት «ሳንሱር ታደርጋለህ» እያለ ሰደበኝ። ሰባራ ሳንቲም አልተከፈለኝም።

አሁን ወደ ናይሮቢው። ይሄን ጉዳይ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ሳማ የተባለው የሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) ተቋራጭ እዚያ ቀጥሮት የነበረው ዳንኤል ሞታውንግ በ2022 ሁለቱንም ከሰሰ። ካቀረባቸው ቅሬታዎች አንዱ ሲቀጠር የሥራው ባሕርይ በትክክል አልተነገረኝም የሚል ነው። ሳማ በ2023 ከሥራው ሲወጣ ሌሎች ሞደሬተሮችም ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2024 ለፍርድ ቤት የቀረበ የሐኪም ማስረጃ ከ140 በላይ የሚሆኑት ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት እንደደረሰባቸው ይገልጻል። ቀኑን ሙሉ ሬሳና ድብደባ ሲታይ የሚዋልበት ወንበር ነው። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ ብር ፈልገሽ ብትሄጂም አልፈርድብሽም። ግን እያወቅሽ ሂጂ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንቺ የምትሸጪው ዓይንሽን ሳይሆን ሦስት ቋንቋና ማስተዋል መሆን አለበት። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «ሰፈራችን ፀጉረ ልውጥ በዝቷል፤ ንቁ» የሚል ጽሑፍ መጣ እንበል። ስድብ የለበትም፤ ፖስት የሚያጣራው ማሽን ያሳልፈዋል። አንቺ ግን የተለጠፈው ሌባ በተያዘበት ሳምንት ነው ወይስ ሰው ተፈናቅሎ በመጣበት ሳምንት ብለሽ ትጠይቂያለሽ። መልሱ ቃሉ ውስጥ የለም፤ ሰፈሩ ውስጥ ነው። በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማሊኛ የሚጨርስ የድሬ ልጅ ኮሜንት፣ ያውም በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ለማሽን ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የሜታ ኦቨርሳይት ቦርድ (የኩባንያውን ይቆይ ወይም ይውረድ ውሳኔዎች የሚገመግም ገለልተኛ አካል) በ2021 ስለ ራያ ቆቦ የሰጠውን ውሳኔ ፈልገሽ አንብቢ። በአማርኛ የተጻፈ ፖስት ነበር። ሲስተሙ ጠቆመው፤ ሁለት ሞደሬተሮች ተራ በተራ አይተው ይውረድ አሉ። ባለቤቱ ለቦርዱ አቤት ሲል ኩባንያው መልሶ ለጠፈው። ቦርዱ ደግሞ የመጀመሪያው ውሳኔ ልክ ነበር ብሎ እንደገና አስወረደው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን በሁለት ገጽ ማስረዳት ከቻልሽ ከሞደሬተር ወንበር በላይ ላለው ሥራ እየተዘጋጀሽ ነው። እሱም ደንቡን መጻፍ፣ ማሽኑን መፈተሽና ስጋትን መገምገም ነው።

ሕጉንም እወቂ። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መድረኮች የጥላቻ ንግግርን ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎት ሕግ ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየቋንቋው ስንት ሞደሬተር እንዳላቸው እንዲገልጹ ያስገድዳል። ካጠፉ ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ግን የሚቆጠሩት የኅብረቱ ቋንቋዎች ናቸው። ሶማሊኛን የሚቆጥርለት የለም። ክርክሩ ውስጥ ያንቺ ቦታ እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ።

እስከዚያው ለሦስት ወር ይሄን ሥሪ። በሦስቱም ቋንቋ አከራካሪ የሆኑ ሃያ ጽሑፎች ሰብስቢ፤ የሰዎቹን ስም አጥፊ። ከእያንዳንዱ ሥር ይውረድ ወይም ይቆይ ብለሽ ምክንያትሽን ጻፊ። ሲቪሽ ላይ «ታታሪ ነኝ» ከሚለው መስመር ይልቅ ይሄ ይነበባል። ኮድ ስለምትችዪም ትንሽ የማስቶዶን ሰርቨር ለጓደኞችሽ አቁሚ። ሁለት ጓደኛሞች ሲጣሉ የማንን ፖስት እንደምታወርጂ ያኔ ታያለሽ።

ናይሮቢው ካልቀረልሽ ቀጣሪውን በጽሑፍ ጠይቂው። በቀን ስንት ቪዲዮ ነው የማየው? የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ? የሥራ ፈቃዴን የሚያወጣው ማነው? ውሉ በድንገት ቢቋረጥ የመመለሻ ቲኬቴን ማን ይከፍላል? የሥራው መጠሪያ ውሉ ላይ «የደንበኞች አገልግሎት» ወይም «ትርጉም» ከሆነ እዚያው አቁሚ። ምዝገባ ብሎ ብር ከጠየቀሽም ያው የእኔ ግሩፕ ሰውዬ ነው።

ውሉ ሲደርስሽ ሳትፈርሚ ላኪልኝ። የምስጢር መጠበቂያውን ገጽ እንዳትረሺ፤ ስለሥራሽ ለሐኪም መናገር ትችዪ እንደሆነ ማየት የምፈልገው እዚያ ላይ ነው።