በታኅሣሥ ውርጭ ሕፃናትን ይዞ ደብረ ብርሃን

ሰላም እህቴ። ቤት የምታስተምሪያቸውን የ7 እና የ4 ዓመት ልጆችሽን በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ሸዋ ልታመጪ አስበሽ፣ «ብርዱ አይጎዳብኝም ወይ? ከትምህርታቸውስ አይስተጓጎሉም?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሁለቱን ልጆቼን ቤት ሳስተምር ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው፤ በየዓመቱም በዚሁ በውርጩ ወር ይዣቸው እወጣለሁ። አትፍሪ፣ ይዘሻቸው ነይ። ብቻ ሰዓቱን ፀሐይዋ ትወስንልሽ።

ይህን የምልሽ የመጀመሪያው ዓመት ስላስተማረኝ ነው። ጭላዳ የሚባለውን ሣር በል የደጋ ዝንጀሮ እናያለን ብዬ ገና ሳይነጋ ቀስቅሼ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ገደላማ ቦታ፣ ጣርማ በር፣ አደረስኳቸው። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ አንድም ጭላዳ የለም። ለካ ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፤ ወደ ሜዳው የሚወጣው ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ ነው። ትንሿ ልጄ ውርጭ የያዘው ሣር ላይ ተሯሩጣ ካልሲዋ ሾቀ፣ እግሯ ደነዘዘ፣ አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። እናንተ ከአዲስ አበባ ስለምትመጡ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነውና በዋዜማው ደርሳችሁ ደብረ ብርሃን እደሩ። ማታ ሳህን ላይ ትንሽ ውኃ አድርገሽ ደጅ አሳድሪው። ሰማዩ ከጠራ፣ ደመና ከሌለ፣ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ጠዋት ሳህኑ ላይ ስስ በረዶ ታገኛላችሁ። ልጆቹ በጣታቸው ያንሱት፣ በፀሐይ ይዩት፣ እጃቸው ላይ ይቅለጥ። የኔው ታላቁ ልጅ አንድ ጠዋት ሣሩ ላይ ያለውን አመዳይ ቀምሶ «ጨው መስሎኝ!» አለኝ። ቀጥሎ «ባሕር ዛፉ ሥር ለምን የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን አልነገርኩትም። በማግስቱ ማታ ሁለት ሳህን አወጣን፣ አንዱን ሜዳ ላይ፣ አንዱን ዛፍ ሥር። ጠዋት የሜዳው ረግቶ የዛፉ ሥር ውኃ እንደ ነበረ አገኘው። ቅጠሉ ጋቢ ሆኖ እንዳለበሰው ራሱ ደረሰበት። ትምህርት ይስተጓጎላል ላልሽው መልሴ ይህ ነው። ደብተሩን ቤት ተዪው፤ ስትመለሱ ይጽፉታል፣ ይሥሉታል።

ከቤት የምትወጡት ውርጩ ረግፎ ሣሩ ሲደርቅ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይሁን። ልጆችሽ የሚደወልባቸው ደወል የለም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብትመጡ መንገዱም ፀጥ ያለ ነው። ጣርማ በር አካባቢ ጭላዳዎቹ መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እርስ በርስ ይቀማመላሉ፤ ከዚያ ቁጭ እንዳሉ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንዷን ሣር ለይተው ሲነቅሉ ልጆችሽ ይዩ። የኔዋ ትንሿ ሳምንቱን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ እንደዚያ ስትነቅል ከረመች፤ ከዚያ ወዲህ እርሳስ አያያዟ ተስተካከለ ብዬ አምናለሁ። የደረታቸው ቀይ ቆዳ ልጆችን ሁሉ ያስደንቃል። ከኢትዮጵያ ውጪ የሚኖሩበት አገር እንደሌለም ንገሪያቸው። ምግብ ግን አትስጧቸው፤ ልጁም ቆሎ ይዞ አይጠጋ። መኪናውን ከአስፋልቱ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ትንሹን እጁን እንዳትለቂው፣ ገደል ነው።

ልብሱን በተመለከተ፣ አንድ ወፍራም ጃኬት ከማልበስ ሁለት ሦስት ስስ ሹራብ ደራርቢ። በ5 ሰዓት ፀሐይዋ ትከራለች፤ ልጅ በላብ ረጥቦ ነፋስ ሲያገኘው ይበልጥ ይበርደዋል። ሳያልበው አውልቂለት። ሁለት ሁለት ትርፍ ካልሲ፣ አንድ ጋቢ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ በማር የታሸ በሶ ያዢ። ቆሎ የ4 ዓመቱን ልታንቀው ትችላለችና ትቅርበት።

ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ውረዱ። እኔ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለውን በሥዕል ሳስተምር ብዙ ደክሜያለሁ፤ ቁልቁለቱ በግማሽ ሰዓት አስተማረልኝ። 1000 ሜትር ስትወርጂ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ታላቁ ልጄ ደብረ ሲና ስንደርስ ሹራቡን አውልቆ «እዚህ ታኅሣሥ አልገባም እንዴ?» አለኝ። ሸዋ ሮቢት ብትዘልቁ ቆላውንም ታያላችሁ፣ ግን ለ4 ዓመት ልጅ ይበዛበታል። ጠመዝማዛው ላይ ያስመልሳቸዋልና ቀስ ብላችሁ ንዱ።

አንኮበርን ለሌላ ጊዜ አቆዪው፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ዳገቱ ለትንሹ ይከብዳል። የመንዝ ጓሳም ከ3200 ሜትር በላይ ነውና ትንሽ ይደጉ።

ከሰዓት በኋላ ጣርማ በርን ጉም ሊሸፍነው ስለሚችል ከ9 ሰዓት በፊት ተሻገሩ። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚሁ ያለ ሰው ጠይቂ። ለእኔም ጻፊልኝ፤ የዚያን ሌሊት ሰማዩ እንዴት እንዳደረ እነግርሻለሁ።