መካኑ በቅሎ ለምን ይኮላሻል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የ3 ዓመት ወንድ በቅሎ አለኝ። ባዝራ ሲያይ ገመድ ይበጥሳል። የጎረቤት ባዝሮችንም ሰርሯል፤ አንዷም አላረገዘችም። መካን ከሆነ ማኮላሸቱ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ መካን መሆኑ እውነት ነው፤ ግን መኮላሸት አለበት። ቆለጥ ሁለት ሥራ አለው፤ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን ያመነጫል፣ ስፐርምም ይሠራል። በወንድ በቅሎ የመጀመሪያው እንደ ድንጉላ ፈረስ ይሄዳል። ገመድ የሚያስበጥሰው እሱ ነው። የተቋረጠው የስፐርሙ ሥራ ብቻ ነው።

ፈረስ 64 ክሮሞሶም (ዘረመል የሚሸከም ክር) አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ከእናቱ 32፣ ከአባቱ 31 ወስዶ 63 ይዞ ይወለዳል። ስፐርም ሲሠራ ከእናት የመጣው ክሮሞሶም ከአባት ከመጣው አቻው ጎን ተጋጥሞ መካፈል አለበት። የፈረስና የአህያ ክሮሞሶሞች ግን በቁጥርም በአደረጃጀትም ስለተለያዩ ብዙዎቹ አቻ ያጣሉ፤ ሴሉም ክፍፍሉን ሳይጨርስ ይሞታል። ጾታን የሚለዩት ክሮሞሶሞች፣ ኤክስና ዋይ፣ በጤነኛ ፈረስ እንኳ የሚጋጠሙት ጫፋቸው ላይ ባለች ትንሽ ቦታ ነው። ጥንት አቻ ጥንድ ነበሩ። ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዋይ፣ ጽንሱ ቆለጥ እንዲያበጅ የሚያዘውን ኤስአርዋይ የተባለ ዘረመል ይዞ ከኤክስ ተለየ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹን ዘረመሎቹን አጥቷል። ከተረፉት ብዙዎቹ የስፐርም ሥራ ላይ ናቸው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የወንዱ በቅሎ ዋይ ግን ሙሉ በሙሉ የአህያው ነው፤ እሱ ሊደበቅ አይችልም።

የሚመረጠው ዕድሜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ነው። የእርስዎ አልፏል፤ ቢሆንም ያሠሩት፤ የቆየ ልማዱ ግን በከፊል ሊቀር ይችላል። ቡርዲዞ (ቆዳ ሳይቆርጥ የቆለጡን ገመድ የሚጨፈልቅ መቆንጠጫ) ለበሬና ለበግ ነው። ለበቅሎ የሚያስፈልገው በማደንዘዣ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የቴታነስ መርፌም አይቅር። ሐኪሙ አስቀድሞ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን በእጁ ይመርምር። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን እንመርጣለን፤ የሱሉልታ የክረምት ጭቃ ለክፍት ቁስል ጠላት ነው። ደሙ በጠብታ ከወረደ አያስፈራም። ጠብታው መቁጠር እስኪያቅት ከፈሰሰና በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልቀነሰ ግን ሐኪም ይጥሩ። አንጀት ከታየ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደግፈው ወዲያው ያስጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ እያራመዱ ይሰንብቱ፤ ዝም ብሎ ከቆመ ቁስሉ ይዘጋና ያብጣል፣ መግል ይይዛል። የሆርሞኑ ስሜት እስኪበርድ እስከ 6 ሳምንት ከባዝራ ያርቁት።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ላሞቼን በሰው ሠራሽ ዘዴ እያስዳቀልኩ ከ6 ጥጃ 5ቱ ወንድ ሆኑ። ጥፋቱ የላሞቹ ነው ወይስ የአዳቃዩ?

መልስ፦ የማንም አይደለም። ላም የምትሰጠው ኤክስ ብቻ ነው፤ ጾታውን የሚወስነው የኮርማው ስፐርም ነው፣ ግማሹ ኤክስ ግማሹ ዋይ ይዟል። ከ6 ልክ 5ቱ ወንድ የመሆን ዕድል ከመቶ 9 ገደማ ነው፤ ብርቅ አይባልም።

ሴት ጥጃ ከፈለጉ ጾታው ተለይቶ የተዘጋጀ አባላዘር (የኮርማ ዘር) አለ። የኮርማ ኤክስ ስፐርም ከዋዩ 4 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዲኤንኤ ስላለው፣ ቀለም ተነክሮ በሌዘር ሲታይ ይበልጥ ይደምቃል፤ በዚያ ይለያል። ከ10 ጥጆች 9 ገደማ ሴት ይሆናሉ። ጉድለቱ፣ በተለመደው ስትሮ (አባላዘሩ በበረዶ የሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ) 20 ሚሊዮን ያህል ስፐርም ሲኖር በዚህኛው 2 ሚሊዮን፣ አንዳንዴ 4 ሚሊዮን ብቻ መኖሩ ነው። ያለውም በልየታው ተዳክሟል፤ መጽነሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሆና ድራቷ በግልጽ ለታየ ጊደር ያውሉት፤ ተዳቅላ እየደጋገመች ወደ ድራት ለምትመለስ ላም አያባክኑት። ስትሮው ከሚቀዘቅዝበት ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደወጣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይቆያል፤ ተወልውሎ ወዲያው ይገባል። በብብት ወይም በእጅ ማሞቅ ስፐርሙን ይገድላል። አዳቃዩ ቴርሞሜትር ካልያዘ በዚያ ቀን ተራውን አባላዘር ያስገቡ።