ባንክ ለምን እንደከለከላችሁ ጠይቁኝ

ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል 9 ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ብድሩን በእጥፍ ይሸፍናል። ለምን ተከለከልኩ?

መልስ፦ ብድሩን የሚከፍለው ቤትህ አይደለም ወንድሜ፣ ሱቅህ ነው። ባንኩ በ1990 በወጣው አዋጅ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን መሸጥ ይችላል። ግን ማን ይወዳል? ገዢ ይጠፋል፣ ሐራጁ ይደገማል፣ ዘመድ አዝማድ ያለቅሳል። ብድር የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ፋይል ሳቀርብ መጀመሪያ የምጠየቀው «ከምን ይከፍላል?» ነበር።

ጥያቄ፦ ሽያጬ ጥሩ ነው፣ ግን በጥሬ ብርና በባለቤቴ ቴሌብር ነው የሚገባው።

መልስ፦ እንግዲያው ባንኩ ዘንድ ሽያጭ የለህም። ማመልከቻ ሊገባ ሲል ከዘመድ ተለቅሞ ገብቶ በሳምንቱ የሚወጣ 2 ሚሊዮን ደግሞ ስቴትመንቱ ላይ ያፈጣል፤ ስንቱን አይተናል! በየቀኑ የምታስገባት 15 ሺህ ትበልጣለች። ዛሬውኑ ጀምር።

ጥያቄ፦ ለግብር የማሳውቀውና የማገኘው ለየቅል ነው። የትኛውን ላሳይ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ለገቢዎች 300 ሺህ አተረፍኩ ብለህ ለባንክ 3 ሚሊዮን ብትል፣ ኦፊሰሩ በሆዱ ቢያምንህም የሚያሰላው ግብር በከፈልክበት ነው። ሁለት ዓይነት ሂሳብ ይዘህ ከመጣህ ደግሞ ጭራሽ አያምንህም።

ጥያቄ፦ ሌላ ባንክ ያለብኝን ዕዳ ያውቃሉ?

መልስ፦ ያውቃሉ። መረጃው ብሔራዊ ባንክ ቋት ውስጥ አለ። ክፍያህ 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከተበላሹት ተርታ ይመደባል። ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልክ እየዘጋህ ጆሮ ዳባ ልበስ አትበል፤ ቀድመህ ሂድና የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ካርታም ሊብሬም የለኝም፤ ያለኝ የልብስ ስፌት ማሽን ነው።

መልስ፦ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ከብት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ከደንበኛ የምትቀበይው ዕዳ) ሳይቀር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል እህቴ። ቅርንጫፍ ስትሄጂ ግን «ካርታ አለሽ?» መባልሽ አይቀርም፣ ማሽን በሌሊት ተጭኖ ሊጠፋ ይችላላ። መጀመሪያ ማይክሮፋይናንስ ሞክሪ። ትንሽ ወስደሽ በሰዓቱ ክፈይ፣ ታሪክ ይሆንሻል።

ጥያቄ፦ በ2016 ሁሉን አሟልቼ «ጠብቅ» እንደተባልኩ ቀረሁ። ጉቦ ፈልገው ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል። የሚሰጠው ብድር እንዲህ ሲጠብ ቅድሚያ የሚያገኘው ዶላር የሚያመጣው ላኪ ነው፣ ያንተ ፋይል ንጹሕ ሆኖም መሳቢያ ውስጥ ያድራል።