ልጅቷ ሳትተኛ ሣጥኑ አይከፈትም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቴና ከ20 ወር ሴት ልጃችን ጋር እኖራለሁ። መጠጥ አልጠጣም፣ ጫት አልቅምም፣ ኳስም ብዙ አላይም። ያለችኝ አንዲት ሱስ ቦርድ ጌም ነች። እህቴ ከአሜሪካ በመጣች ቁጥር አንድ ሁለት ሣጥን በሻንጣዋ ትይዝልኛለች። ዛሬ ካታን (በግና ጡብ የመሳሰሉ ካርዶችን እየተለዋወጡ ትናንሽ የእንጨት ቤትና መንገድ የሚደረድሩበት)፣ ካርካሶን (የካርቶን ቁራጭ እየገጣጠሙ ካርታ የሚሠሩበት)፣ አዙል (ባለቀለም ጠጠር የሚደረድሩበት) እና ማግኔት ያለው የኪስ ቼዝ አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ባለ 18 ጉድጓድ የእንጨት ገበጣም አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ሦስት ጓደኞቼ ይመጣሉ። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ሳሎን ባለችው ዝቅተኛ የሶፋ ጠረጴዛ ላይ እንጫወታለን። አንዳንዴ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንቆያለን። ልጅቷ ከመወለዷ በፊት በዚህ ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ካታን ይዘን፣ እኔ በግ በጡብ ለመለወጥ ስከራከር፣ ልጅቷ ጸጥ አለች። ባለቤቴ ከጓዳ ስትወጣ ጉንጯ አብጦ አየችና አፏን ከፍታ ሁለት ቀያይ የእንጨት ቤቶች አወጣች። ማታ ዕቃውን ስቆጥር ደግሞ አንድ ሰማያዊ መንገድ ጎደለ፤ እስካሁን አልተገኘም። ልጅቷ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ምንም አልሆነችም። ቀደም ብሎም የካርካሶን አንድ ካርቶን አኝካብን ነበር። ባለቤቴ ግን «ወይ ጨዋታህን ወይ እኛን» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ጓደኞቼም መምጣት አፍረዋል።

ልጅቷ ሦስት ዓመት እስኪሞላት ልተወው? ካልተውኩትስ ቤቱን እንዴት ላድርገው? ገበጣውን ለእሷ ማስተማር የምችለውስ መቼ ነው?

ስሜ ይቆይ፣ ከጀሞ

መልስ፦

ስለ ጨዋታው ከመነጋገራችን በፊት የሰማያዊዋን መንገድ ነገር እንጨርስ። የክብሪት እንጨት ግማሽ የምታህል፣ ሹል ጫፍ የሌላት ትንሽ እንጨት ሆድ ከገባች አብዛኛውን ጊዜ በሰገራ ትወጣለች። የሚያሰጋው ወደ ሳንባ ከገባች ነው። ልጁ በመጀመሪያ ትን ብሎት ያስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ቤተሰቡም ይረሳዋል። ከቀናት በኋላ የማይለቅ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ወይም ትኩሳት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጉንፋን ይመስላል። እንጨት ደግሞ ኤክስሬይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ልጅቷ እንዲህ ያለ ምልክት ካሳየች፣ ወይም ምራቋ መዝረብረብ ከጀመረና መዋጥ ካቃታት፣ ሐኪም ቤት ሄደው «ቤት ውስጥ የጠፋ እንጨት አለ» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ይህን ካልሰማ ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር፣ እርስዎ እንደ ዋዛ የጠቀሱት የማግኔት ቼዝ ነው። ከቤት ይውጣ፤ ቢሮዎ ያስቀምጡት ወይም ለጓደኛ ይስጡት። አንድ ማግኔት ቢዋጥ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ሲሆኑ ግን በተለያየ የአንጀት እጥፋት ውስጥ ሆነው ይሳሳቡና መሃላቸው ያለውን የአንጀት ግድግዳ ቆንጥጠው ይበሱታል። እንደ ሳንቲም የምትመስለው ክብ ባትሪ ያለበት የጊዜ መቁጠሪያ ካለዎትም አብሮ ይውጣ። ባትሪዋ ጉሮሮ ላይ ከቆመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። ማግኔት ወይም ባትሪ ተውጧል ብለው ከጠረጠሩ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ዕቃ አንቋት ማልቀስም መሳልም ካቃታት፣ ከወገቧ አጎንብሰው በትከሻዎቿ አጥንቶች መሃል በመዳፍዎ 5 ጊዜ ይምቷት። ካልወጣ ከኋላዋ ሆነው ከእምብርቷ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቁ ይቀጥሉ። የማያዩትን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አጠገብዎ ያለው ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል።

አሁን ወደ ጨዋታው። መተው አያስፈልግዎትም። መተው ያለብዎት የ9 ሰዓቱን ቀጠሮ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል። ብዙዎቹ በ20 ወራቸው የቀን እንቅልፋቸው አንድ ብቻ ሆኖ ከምሳ በኋላ ነው፤ 7 ሰዓት ላይ ተኝታ 9 ሰዓት ገደማ ትነሳለች። እርስዎ ሣጥን የሚከፍቱት እሷ ዓይኗን በምትከፍትበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አዋቂዎች ከእሷ ጋር የሚታገሉበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ልጅቷ ማታ 2 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ እንግዶች 2፡30 ይድረሱ። በር አያንኳኩ፣ ስልክ ይደውሉ። ሰሌዳውን ዘርግተው ካርዱን አደላድለው ይጠብቋቸው፤ የካታን ዝግጅት ብቻውን ሩብ ሰዓት ሊበላ ይችላል። 5 ሰዓት ላይ ይብቃ፤ ታክሲ ጠባቂ ካለ 4፡30። ለዚህ ጊዜ ካታን ብቻውን ይበቃል፣ በተለይ እንደ እርስዎ በግ በጡብ የሚከራከር ሰው ካለ። ካርካሶንና አዙል ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ስለማይሞሉ ሁለቱም በአንድ ማታ ያልቃሉ። ዳይስ ጠረጴዛ ላይ ሲወረወር ድምፁን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አያቆመውም። የጫማ ካርቶን ክዳን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው እዚያ ይወርውሩ። የአዙል ጠጠሮችም ይንኳኳሉ፤ ከስራቸው ጋቢ ይታጠፍ።

እውነቱን ለመናገር ግን የደብዳቤዎ ዋና ችግር ሰዓቱም ዕቃውም አይደለም። «ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል» ብለዋል። ማን እንደሚያፈላው አልጻፉም። ባለቤትዎ ከጓዳ ሲወጡ የልጅቷን ጉንጭ እንዳዩ ግን ጽፈዋል። ሳሎኑ ውስጥ አራት አዋቂ ወንዶች ነበሩ፤ ጉንጯን ያየችው ጓዳ የነበረችው እናት ነች። ክፋት ኖሮባችሁ አይደለም። አራት ሰው ባለበት ክፍል እያንዳንዱ «አንዱ ያያታል» ብሎ ያስባል፤ በዚህ ምክንያት ብቸኛ ከሆነ አንድ ሰው ይልቅ የአራት ሰው ቡድን ልጅን ሳያይ ሊቀር ይችላል።

መድኃኒቱ ተረኛ ነው። ልጅቷ ነቅታ ባለችበት ደቂቃ ሁሉ በስሙ የታወቀ አንድ ሰው ተረኛ ይሆናል። ተረኛ ካርድ አይይዝም፣ ቡና አያፈላም፣ ስልክ ላይም አይጫወትም። ተራ ሲቀየር በቃል ይባላል፦ «ተረኛ ነኝ»፣ «ተረክቤያለሁ»። ያልተባለ ተራ አልተቀየረም። በጨዋታው ማታ ከእንቅልፏ ከነቃች የሚነሱት እርስዎ ነዎት። ባለቤትዎ ቀኑን ሙሉ ተረኛ ውለዋል። ከመነሳትዎ በፊት ሰሌዳውን ፎቶ ያንሱት። ካታን ከሆነ ፎቶ አይበቃም፤ በእጅ ያለው ካርድ ስውር ስለሆነ እያንዳንዱ ስሙን በጻፈበት ፖስታ ውስጥ ያስቀምጥ። ጨዋታው በዚያው ቢቀር በሚቀጥለው ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል።

ለባለቤትዎም ፈቃድ ሊጠይቁ ሳይሆን ዕቅድ ይዘው ይቅረቡ። ጨዋታው በሳምንት ሳይሆን በ15 ቀን አንዴ ይሁን፤ ቡናውን ያፈሉ፣ ሲኒውንም ያጠቡ። በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ልጅቷን ይዘው ከቤት ይውጡ። ቤት ውስጥ ሆኖ «እኔ እይዛታለሁ» ማለት አይቆጠርም፤ ልጅቷ በየአምስት ደቂቃው እናቷን በር ላይ ስትጠራ እናቲቱ አላረፈችም። በእነዚያ ሦስት ሰዓቶች ባለቤትዎ ምን እንደሚሠሩ አይጠየቁም። ያለ ጓደኞች የሚያልፈው ቅዳሜ ማታ ደግሞ ካርካሶን ለሁለት ሰው በጣም ይሆናል፤ ባለቤትዎ ከፈለጉ ብቻ።

ስለ ዕቃው። ያቺ ዝቅተኛ የሶፋ ጠረጴዛ ከልጅቷ ደረት አትበልጥም፤ የቀረበላት ገበታ ነው። የምግብ ጠረጴዛ ከፍታው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እጁን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፣ ወንበር ከተገኘ ደግሞ ላዩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በጠረጴዛ ከፍታ አይተማመኑ። የጠረጴዛ ልብስ አያንጥፉ፣ ስትጎትተው ትኩሱ ቡና አብሮ ይመጣል። ረከቦቱና ጀበናው ወለል ላይ ባሉበት ክፍል ውስጥ ልጅቷ ነቅታ ልቅ አትሁን።

አንድ አናጢ 80 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ዙሪያውን የ3 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ይምታልዎት፤ ውስጡን ብርድ ልብስ ቁራጭ ይለጥፉበት። ያልጨረሱትን ጨዋታ እንዳለ ተሸክመው ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጡታል። ጠርዙ ዕቃ እንዳይንከባለል ይይዛል።

ምን እንደሚያንቅ ለማወቅ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ይጠቀሙ። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለእሷ ክልክል ነው። አሜሪካኖች ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራን መጫወቻ የሚፈትሹበት ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሶፍቱ ቱቦ ትንሽ ስለሚሰፋ ወደ ጥንቃቄው ያደላል። ለክብ ነገር ግን ቱቦው አይበቃም። ኳስ ጉሮሮን እንደ ቡሽ ስለሚደፍን ከ44.5 ሚሊ ሜትር በላይ መሆን አለበት። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይወድቃል።

በዚህ ሚዛን አራት ሰው የሚጫወተው ካታን 117 አደገኛ ዕቃ አለው፦ በየቀለሙ 5 ቤት፣ 4 ከተማና 15 መንገድ፣ ይህ 96 ነው፤ ከዚያ 18 የቁጥር ክቦች፣ 2 ዳይስና አንዱ የሌባ ምስል። የካርካሶን ትናንሽ የሰው ቅርጾች ቢያንስ 40 ናቸው። ከሁሉም የከፋው አዙል ነው። 100 ባለቀለም፣ የሚያብረቀርቁ፣ 2 ሴንቲ ያህል ጠጠሮች፤ አዋቂም ከረሜላ ይመስሉታል። አዙል ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቆጠራ አለ፤ ሳይሞላ ማንም ጫማውን አያደርግም። የአዙልን ጠጠሮች በአሥር በአሥር ደርድሩ፣ አሥር ረድፍ ከሞላ አለቀ። የካታኑ እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ላስቲክ 24 ሆኖ ይግባ። የጎደለ ካለ መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ አብሩ፤ ከጎን የመጣ ብርሃን ትንሿን እንጨት ረጅም ጥላ ያስጥላታል፣ ከላይ ሲያበሩ ግን አትታይም። ሰማያዊዋንም ዛሬ ማታ በዚህ መንገድ ሶፋ ሥር ይሞክሯት።

የታኘከችው የካርካሶን ካርቶን ድርቧ ከተላቀቀ ነጭ ኮላ ቀብተው በሁለት ፌስታል መሃል ከከባድ መጽሐፍ ሥር ያሳድሯት። ይሁን እንጂ ጀርባዋ ከታወቀ ጨዋታውን ታበላሻለች፤ በጀርባ ተገልብጣ የምትወጣ ነችና። ያውጧት። ከ72 ወደ 71 ቢወርድ ጨዋታው አይጎዳም።

ገበጣው የራሱ ሒሳብ ሠሪ አለው፤ 18 ጉድጓድ በሦስት በሦስት ሲሞላ 54 ነው፤ የጎደለ ጉድጓድ ወዲያው ይታያል። ጠጠሩ ግን ለልጅቷ ገና ነው። በ20 ወር ልጅ የሚወደው ሥራ መሙላትና መገልበጥ ነው፤ ደንብ የሚባል ነገር የለም። በአሮጌ ካልሲ ጨርቅ ተሞልቶ ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ 7 ሴንቲ የሆነ ኳስ 6 ይሥሩላት። ስድስት ሰፋፊ የፕላስቲክ ሳህኖች በአንድ ረድፍ ይደርድሩ። እርስዎ አንድ አንድ ሲጥሉ ታያለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ይደግሙታል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትሄዳለች፣ አይጥሯት። ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ በየሳህኑ አንድ መጣል ትጀምር ይሆናል። ተራ መጠበቅ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ጠጠርና እውነተኛ «መብላት» (የሌላውን ጠጠር መውሰድ) አራትና አምስት ዓመት ይጠብቁ። ሁለት ዓመት ሲሞላት እህትዎ ማይ ፈርስት ኦርቻርድ የሚባለውን ከሁለት ዓመት ጀምሮ የሚሆን ጨዋታ ቢያመጡላት ጥሩ ነው። 16 ትልልቅ የእንጨት ፍሬዎች አሉት፤ ሁሉም ተጫዋች ተባብሮ ቁራው ሳይደርስ ይለቅማል። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ በሶፍቱ ቱቦ ይለኩት። የካልሲ ኳሶቹን ስፌት ደግሞ በየሳምንቱ ይጎትቱ፤ ክሩ ከለቀቀ ውስጡ ያለው ጨርቅ ይወጣል።