ረግጠው ሲይዙት እየሰመጠ ስለሚሄድ የፍሬን ፔዳል

«ፍሬን ይዤ ስቆም ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ደግሜ ስረግጠው ይመለሳል፤ የጀመረውም የፍሬን ሸራው በተቀየረ ማግሥት ነው፤ ሸራው አዲስ ነው፣ የፍሬን ዘይቱም አልጎደለም» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ እኔም ይህንኑ ምልክት ያሳየኝ መኪና ነበረኝ። ዘይቱ አለመጉደሉ አዘናግቶኝ ደህናውን ሸራ በከንቱ አስቀይሬያለሁ።

ከገለጹት ምልክት በመነሣት ቀድሜ የምጠረጥረው ማስተር ሲሊንደሩን፣ ማለትም ከፔዳሉ ጋር ተያይዞ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል ነው። ሲረግጡ ፔዳሉ የእግርዎን ኃይል አብዝቶ፣ ሰርቮውም (የእግርን ኃይል የሚያግዘው መሣሪያ) አግዞት፣ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ዘይት ሲጫኑት ስለማይታመቅ ግፊቱ በቱቦዎቹ በኩል እስከ ጎማዎቹ ይደርሳል። በፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ካለቀ ወይም ከተቀደደ ግን ዘይቱ በጠርዙ በኩል ሾልኮ እዚያው ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር ስለሌለ መጠኑ አይቀንስም፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ለማረጋገጥ መኪናውን በሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ፔዳሉን በለስላሳ ግፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት። በኃይል ሲረገጥ ጎሚኒው ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ የዘይቱ መሹለክ ሊሰወር ይችላል፤ ቀስ ተብሎ ሲጫን ግን ይጋለጣል።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ቢሆን ኖሮ አየር ገብቷል፣ እንደ ድንጋይ የሚደድር ቢሆን ደግሞ ሰርቮው አይሠራም እል ነበር። ሞተሩ ሲነሣ የተረገጠው ፔዳል ትንሽ ዝቅ ማለቱ ግን የሰርቮው ጤንነት ምልክት ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

ሸራው በተቀየረ ማግሥት መጀመሩም የአጋጣሚ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ሳይቀየር ሲቆይ ፒስተኑ በዘወትር ጉዞው በማይደርስበት የሲሊንደሩ ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ይይዛል። ከሸራ ቅያሬው ጋር ከፍሬኑ መስመር አየር ለማስወጣት ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ከተረገጠ ጎሚኒው በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ተፍቆ ይቀደዳል። የእኔም የተበላሸው በዚህ መንገድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አየር በሚወጣበት ጊዜ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀምጣለሁ።

እኔ የጎሚኒ ቅያሬ ሞክሬ ውስጡ በመዛጉ ብዙም ሳይቆይ ስለተመለሰብኝ፣ ሙሉውን ማስተር ሲሊንደር እንዲቀይሩ እመክራለሁ። እስከዚያው ደጋግሞ በመርገጥ እየመለሱ መንዳት አደገኛ ስለሆነ ወደ ጋራዥ በመጎተት ይውሰዱት።