ኔትወርኩ እያለ ጥሪ የማይገባው ለምንድን ነው?

ቤት ውስጥ ስልክህ ሦስት መስመር ኔትወርክ እያሳየ ደዋዮችህ «አይገኝም» እየተባሉ ነው ብለሃል። በመስመሮቹ አትታለል፤ አምራቹ በፈለገው መንገድ ነው የሚቆጥራቸው። በአንድሮይድ «ስለ ስልኩ» ውስጥ ገብተህ የሲም ሁኔታን ክፈት። የ4ጂው ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል) -85 አካባቢ ከሆነ አሪፍ ነው። -115 ከሆነ ስልክህ እየታገለ ነው፣ ባትሪህም ቶሎ ያልቃል።

ዋናው ጥርጣሬዬ ግን ሌላ ነው። ቮልቲኢ (ጥሪን በራሱ በ4ጂ የሚያስተላልፈው አገልግሎት) ካልበራ 4ጂ ላይ ያለ ስልክ ጥሪ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አለበት። እዚያ ያለው ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ሳይጮህ ይቀራል። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ለሙከራ ስልኩን 3ጂ ብቻ ላይ አድርገውና ከሌላ ስልክ ደጋግመህ ደውል። ጥሪው ከገባ ችግሩ ያ መውረዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ስልኩን ወደ 4ጂ መልሰህ ቮልቲኢን አብራ። ኔትወርኩ ጭራሽ ከጠፋ 3ጂው ቤትህ ውስጥ አይደርስም ማለት ነው፣ ምናልባት ግድግዳው እያፈነው ይሆናል፤ ኦፕሬተርህ ከፈቀደ የዋይፋይ ጥሪ ይገላግልሃል።

*#21# ደውለህም ጥሪህ ወደ ሌላ ቁጥር ዞሮ እንደሆነ እይ። የብረት ከቨር ካለውም አውልቀው። ይሄ ሁሉ ካልሠራ ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ሞክር። እዚያም ካስቸገረ ሲም አስቀይር።